ካሴቱን አስቀምጦ ቴፑን መጣል

የድሮ ሙዚቃ የሚሰበስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀምጠው ካሴቱን ነው። ሽፋኑ የዘፋኙን ፎቶና የሙዚቃ ቤቱን ስም ይዟል፤ መደርደሪያ ላይ ሲደረደርም ያምራል። ቴፑ ግን ቦታ ይይዛል፣ አቧራ ይጠጣል፣ ቁልፉ አልጫን ይላል፤ አንድ ቀን ለቆራሌው ይሰጥና ይገላገሉታል። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ለዚያ ለተሰጠው ዕቃ ነው። ክር ላይ የተቀረጸ ድምፅ በዓይን አይታይም፣ በጣት አይዳሰስም፤ የሚኖረው ማሽን ሲያነበው ብቻ ነው። ስለዚህ ካሴት የሚሰበስብ ሁሉ ቴፕም መሰብሰብ አለበት፤ ይህን የምለውም በተለይ በወሎ እንደ ሐይቅና አምባሰል ላሉ አገሮች ነው፤ የማሲንቆው፣ የመንዙማውና የሠርጉ ድምፅ በብዛት የተያዘው በዚህ ክር ላይ ነውና።

ነገሩን በጉልህ የሚያሳየው ከእኛ ርቆ የተሠራ ማሽን ነው። አሜሪካዊው አውሮፕላን ሠሪ ቢል ሊር እ.ኤ.አ. በ1964 ኤይት ትራክ የተባለውን ካርትሪጅ ይዞ ወጣ፤ ፎርድም ማጫወቻውን በ1966 ሞዴል መኪኖቹ ውስጥ አስገባ። የካርትሪጁ ክር ጫፍና ጫፉ ስለተቀጠለ መጨረሻ የለውም። ከጥቅሉ መሀል እየተሳበ ይወጣል፣ ድምፁን በሚያነበው ሄድ ፊት ያልፋል፣ ተመልሶ በውጭ በኩል ይጠቀለላል፤ እርስ በርሱ ሲተሻሽ እንዳይያዝ ጀርባው ግራፋይት ተቀብቷል። መቀጠያው ላይ የተለጠፈች ስስ የብረት ወረቀት አለች። እሷ ስትደርስ ማሽኑ ቀጭ ይልና ሄዱን ወደ ቀጣዩ መስመር ያንቀሳቅሳል። 6.35 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክር ላይ ስምንት መስመሮች ጎን ለጎን ተቀርጸዋል፤ ስቴሪዮ ሁለት ሁለት መስመር ስለሚወስድ አራት ፕሮግራም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ አርሲኤ የተባለው ኩባንያ ኳድራፎኒክ የሚባለውን አመጣ፤ ሁለት ድምፅ ከፊት፣ ሁለት ድምፅ ከኋላ። አሁን አንድ ፕሮግራም አራት መስመር ስለሚፈልግ ፕሮግራሙ ወደ ሁለት ወረደ። ባለ አራቱ ካርትሪጅ ጥጉ ላይ ትንሽ ቁርጥ አለችው፤ ማሽኑ በእሷ ለይቶ አራቱን መስመር በአንድ ጊዜ ያነባል።

ያንኑ ካርትሪጅ ተራ ስቴሪዮ ማጫወቻ ውስጥ ቢያስገቡት ይዘፍናል። የሚሰማው ግን የፊቱ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከኋላ ሊመጣ የሚገባው ለብቻው ቆይቶ በሌላ ፕሮግራም ላይ ይመጣል። ከኋላ የተቀመጠውን መሣሪያ የማያውቅ ሰው የጎደለበት ነገር መኖሩን እንኳ አይጠረጥርም። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ያልሆነ ማሽን ሁልጊዜ ዝም አይልም፤ ጎዶሎውን ሙሉ አስመስሎ ያሰማል። የኳድራፎኒክ ሰብሳቢዎች ማጫወቻውን ከካርትሪጁ እኩል የሚሹትም ለዚህ ነው።

እኛ ዘንድ ሕዝቡን የያዘው ኤይት ትራክ ሳይሆን ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 በርሊን ላይ ያስተዋወቀው ካሴት ነው። ከእሱ በፊት ሸክላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተሙን መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ቢሰጥም፣ አምሃ እሸቴ በ1969 ደፍሮ በግሉ ማሳተም ጀመረና እስከ 1975 ድረስ ዘለቀበት፤ ካይፋ የተባለው የአሊ አብደላ ሙዚቃ ቤትም የራሱን አሻራ አኖረ። ከአብዮቱ በኋላ ሸክላው እየቀረ ካሴት ገበያውን ወረሰ። ካሴት ለገጠሩ የጠቀመው በሁለት ነገር ነው፦ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ ደግሞም ይቀዳል። ሸክላ በፋብሪካ ታትሞ ይመጣል እንጂ ማንም ቤቱ አያትመውም፤ ቴፕ ያለው ሰው ግን የጎረቤቱን ሠርግ፣ የአዝማሪውን ቅኔ፣ የመንዙማውን ሌሊት ራሱ ያስቀራል። ከታወቁት ዘፋኞች የወሎዋን የማሪቱ ለገሰን ድምፅ እንኳ ብዙ ሰው ያወቀው በካሴት ነው፤ ስም ያልወጣላቸው ድምፆች ደግሞ ከአንድ ካሴት በቀር ሌላ ማደሪያ የላቸውም።

እዚህ ላይ ማሽኑን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ካፕስታን የምትባል ቀጭን ብረትና አንዲት የጎማ ሮለር ክሩን በመሀላቸው ይዘው በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ያስኬዱታል። ካፕስታኗን የሚያዞራት ሞተር ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው የጎማ ቀበቶ ነው። ባትሪው ሲደክም ሞተሩ ይዘገያል፤ ዘፈኑም እየወፈረ፣ እየጎተተ ይሄዳል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ተቃራኒውን ነው። ባትሪ እየደከመ *ሲቀዳ* ክሩ ከሚገባው ያነሰ ይሄዳል፤ በኋላ ጤነኛ ቴፕ ላይ ሲጫወት ደግሞ ዘፋኙ እየቀጠነና እየፈጠነ ይመጣል። ሌሊቱን ሙሉ በአንድ ዙር ባትሪ የተቀዳ የሠርግ ካሴት ላይ መጀመሪያው ትክክል ሆኖ መጨረሻው የሕፃን ድምፅ ሊመስል ይችላል። ጉድለቱ የዘፋኙ አይደለም፣ የካሴቱም አይደለም። ማሽኑን የማያውቅ ሰው ግን «ድሮ እንዲህ በፍጥነት ነበር የሚዘፈነው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

የቅኝት ነገር ሲነሳ ይህ የበለጠ ይከብዳል። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ የዚሁ አገር ስም ያለው አምባሰል ነው። ከመነሻው ወደ ሁለተኛው ድምፅ ግማሽ እርምጃ ብቻ ነው፤ ከዚያ የሁለት ሙሉ እርምጃ ዝላይ ይከተላል፣ ቀጥሎ ሙሉ፣ ቀጥሎ ግማሽ፣ ከዚያ ሌላ የሁለት እርምጃ ዝላይ። ከዶ ቢነሱ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ማለት ነው። የአምባሰል መልክ ያረፈው በእነዚያ ጠባብ ግማሽ እርምጃዎች ላይ ነው፤ የቴፕ ፍጥነት ደግሞ 6 በመቶ ሲለወጥ ድምፁ በግማሽ እርምጃ ያህል ይዛነፋል። የሙዚቃ ሰው ወዲያው ይቃወማል፦ ፍጥነት ሲጨምር ሁሉም ድምፅ አብሮ ይወጣልና በመካከላቸው ያለው ርቀት አይነካም፤ አምባሰልም አምባሰልነቱን አያጣም። ትክክል ነው፤ ግን የሚሠራው ፍጥነቱ ወጥ ሆኖ ሲዛነፍ ብቻ ነው። ቀበቶው የላላ ቴፕ አንዷን ረዥም የማሲንቆ ድምፅ እንኳ ከፍ ዝቅ ያደርጋታል፤ እዚያ ላይ ተጫዋቹ ሆን ብሎ ያንቀጠቀጣትን ከላላው ቀበቶ መለየት አይቻልም። ወጥ በሆነው መዛነፍም ቢሆን የዘፋኙ ትክክለኛ የድምፅ ከፍታና የዜማው አካሄድ ጠፍቷል። ማሲንቆና ክራር ለዘፋኙ ድምፅ እንዲስማሙ ስለሚቃኙ «ይህ ዶ መሆን አለበት» ብሎ ከውጭ የሚለካበት ነገር የለም።

አንዳንዴ ግን ምስክር ይገኛል። በመብራት ኃይል በተቀዳ ካሴት ሥር ከኤሌክትሪኩ የገባ ዝቅ ያለ እምታ አለ፤ በኢትዮጵያ የኤሌክትሪኩ መርገብገብ በሰከንድ 50 ጊዜ ነው። ፍጥነቱ በተስተካከለ ቴፕ ሲጫወት ያ እምታ 53 ላይ ከተገኘ፣ ሲቀዳ ክሩ ወደ 6 በመቶ ዘግይቶ እንደነበር ይታወቃል፤ ዘፈኑም በዚያው ልክ ወደ ቦታው ይመለሳል። ብዙ ሰው እንደ ቆሻሻ የሚያጠፋው እምታ ብቸኛው ማስረጃ ሆኖ አረፈው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን የሚያጫውተው ማሽን ራሱ የታመነ ከሆነ ነው።

የሚቀጥለው ተቃውሞ የዘመኑ ነው፦ ሁሉም ነገር ዩቲዩብ ላይ አለ፣ ቴፕ ምን ያደርጋል? በመጀመሪያ፣ ሁሉም የለም፤ የሠርጉ ካሴት የለም። ያለውም ቢሆን አንድ ሰው በአንድ ቀን፣ በእጁ በነበረው ቴፕ የገለበጠው ነው። የሄዱ አቀማመጥ በትንሹ ካዘነበለ ቀጫጭኑ ድምፅ ይጠፋል፤ የማሲንቆው የፈረስ ጭራ አውታሩን ሲፈገፍግ የሚሰማው ሻካራነትም አብሮ ይሄዳል። የጠፋውን ኮምፒውተር አያመጣውም፤ ካሴቱ ላይ ግን አሁንም አለ። መድኃኒቱ ቴፕ ጠጋኞች ሁሉ የሚያውቁት ነው። ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን ካሴቱ እየተጫወተ በቀጭን ካቻቪቴ ቀስ አድርጎ ማዞር ነው። ድምፁ ታፍኖ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ በድንገት ይከፈታል፣ የክሩ ሽሽታ ሳይቀር ጥርት ይላል፤ ትንሽ ካለፉት እንደገና ይዘጋል። ይህ ለእያንዳንዱ ካሴት የሚሠራ ሥራ ነው፤ አንዴ ተገልብጦ የወጣ ፋይል ላይ የሚዞር ብሎን የለም።

ቅጂና ዋናው አንዱ ሌላውን እንደማይተካ ሐይቅ ራሱ ይመሰክራል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአበምኔቱ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የተጻፈው ወንጌል ከገዳሙ ሌሎች መጻሕፍት ጋር በማይክሮፊልም ተነሥቷል። ብራናው ግን ስለተነሣ አልተጣለም፤ ቀለሙን፣ ስፌቱን፣ በኋላ ዘመን በኅዳጉ የተጨመረውን መመርመር የሚሻ ወደ ብራናው ይሄዳል። በብራናና በካሴት መካከል ያለው ልዩነትም ክርክሬን ያጠነክረዋል። ከ700 ዓመት በላይ የቆየውን ብራና ለማንበብ ግእዝ የሚያውቅ ሰውና የቀን ብርሃን ይበቃል። የ40 ዓመቱን ካሴት ለመስማት ግን ሞተር፣ ቀበቶ፣ ሮለርና ሄድ ያለው፣ ዛሬ በደንብ የሚሠራ ዕቃ ይፈለጋል።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የሚከብደኝ የመጨረሻው ነው፦ ማሽኑም ያረጃል፣ ጎማው ይቀልጣል፣ መለዋወጫ የለም፤ የሚሞትን ነገር ማከማቸት ምን ይረባል? ቀበቶና ሮለር በእርግጥ ያልቃሉ፤ ግን በልካቸው የሚተኩ ክፍሎች ናቸው፤ ሄድም ሳይበላ ከቆየ በአልኮልና በጥጥ ይጸዳል። ችግሩ የሚብሰው ብቻውን በቀረ ቴፕ ላይ ነው። ስለዚህ የሚሰበሰበው አንድ ያማረ ቴፕ ሳይሆን አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ሦስት ቢሆን ይሻላል፤ የማይሠራው ለሚሠራው አካል ይሰጣል። ሲመረጥ የስፒከሩ ትልቅነትና የመብራቱ ብልጭልጭ አያታልል፤ የሚታየው ካፕስታኗ ሳትጎብጥ፣ ሄዱ በክሩ መተላለፊያ ላይ ሳይቦረቦር መቆየቱ ነው። ሲገለበጥም መጀመሪያ የሚቀመጠው ምንም ያልተጠረገ ፋይል ነው፤ ከጎኑ በየትኛው ቴፕ እንደተጫወተ፣ ፍጥነቱ በምን እንደተለካ፣ ሄዱ ለዚያ ካሴት መስተካከሉ ይጻፍ። ማጥራትና ማሳመር ከዚያ በኋላ በሌላ ቅጂ ላይ ይሠራ። ካሴቱ ከተገለበጠ በኋላ መቅጃ እንዳይነካው ጥርሱ ይሰበር፣ ክሩ እስከ መጨረሻ ይጠቅለል፣ ከስፒከር ማግኔት ርቆ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ ባትሪውም ከቴፑ ውስጥ ይውጣ፣ ፈሶ የበላው ቴፕ ብዙ ነውና።