ሃይድሮጅን በብረት ውስጥ የሚያደባባቸው ጉድለቶች

ከአቶሞች ሁሉ ቀላሉ ሃይድሮጅን ጠንካራውን ብረት ይሰብራል። ዊልያም ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1875 እንዳስረዳው፣ አሲድ ውስጥ የተነከረ ብረት ለጊዜው ተሰባሪ ይሆናል፤ ሲቆይ ግን ሃይድሮጅኑ እየወጣ ወደ ቀድሞ ባሕርዩ ይመለሳል። ከዚያ ወዲህ ያለው ምርምር ሃይድሮጅኑ ብረቱ ውስጥ የት ይቀመጣል የሚለውን ጥያቄ ሲከተል ኖሯል።

የብረት አቶሞች በሥርዓት ተደርድረው ክሪስታል ይሠራሉ። ሃይድሮጅን በመካከላቸው ባለው ክፍተት በቀላሉ ይዘላል። ሆኖም እንከን የሌለው ክሪስታል የለም። አንዳንድ ቦታ አቶም ይጎድላል። አንዳንድ ቦታ ድርድሩ በመስመር ይዛነፋል፤ ይህ ዲስሎኬሽን ይባላል፣ ብረት የሚታጠፈውም በእሱ እንቅስቃሴ ነው። ትንንሽ ክሪስታሎች የሚገናኙበት ወሰንም አለ። እንደ ካርባይድና ማንጋኒዝ ሰልፋይድ ያሉ ባዕድ ቅንጣቶችም ይገኛሉ። የዝናብ ውሃ ወደ ዋልካ መሬት ስንጥቅ እንደሚሰበሰብ ሁሉ ሃይድሮጅንም ወደ እነዚህ ጉድለቶች ይሳባል።

ጉድለቶቹን ተመራማሪዎች ወጥመድ ይሏቸዋል፤ ዳርከንና ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተሙት ጥናት ነገሩን አንስተዋል። የወጥመዶቹ ጥልቀት ይለያያል። ዲስሎኬሽን ሃይድሮጅንን የሚይዘው ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ኪሎጁል በሞል በሚጠጋ ጉልበት ነው፤ ስለዚህ በተራ ሙቀትም መልሶ ሊለቀው ይችላል። አንዳንድ ካርባይዶች ግን አጥብቀው ስለሚይዙት፣ እንዲለቁት ብረቱን በደንብ ማሞቅ ያስፈልጋል። ናሙናውን ቀስ እያሉ እያሞቁ ሃይድሮጅኑ በስንት ዲግሪ እንደሚወጣ መለካት የተለመደ ዘዴ የሆነው ለዚህ ነው። አቶም በአቶም የሚያሳየው መሣሪያ ደግሞ የሃይድሮጅንን ከባድ ወንድም፣ ዲዩቴሪየምን፣ በመጠቀም እ.ኤ.አ. በ2017 በካርባይዶች፣ በ2020 ደግሞ በዲስሎኬሽንና በክሪስታሎች ወሰን ላይ መያዙን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል።

ስብራቱ እንዴት እንደሚመጣ ግን ክርክሩ አልተቋጨም። ገሚሱ ተመራማሪ ሃይድሮጅን የአቶሞቹን ትስስር ያላላል ይላል፤ ገሚሱ የዲስሎኬሽኖችን እንቅስቃሴ በአንድ ቦታ ያፋጥናል ይላል። ጉዳቱ ግን የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 በሳን ፍራንሲስኮ–ኦክላንድ ድልድይ ከተወጠሩ 96 ትላልቅ ዘንጎች 32ቱ በቀናት ውስጥ ተሰበሩ፤ ምክንያቱም የሃይድሮጅን ተሰባሪነት ሆኖ ተገኘ።

መሐንዲሶች ግን ወጥመዱን መሣሪያ አድርገውታል። ረቂቅ የቲታኒየም፣ የኒዮቢየም ወይም የቫናዲየም ካርባይድ በብረቱ ውስጥ በትነው ሃይድሮጅኑን ከአደገኛው ቦታ ያርቁታል።

ይህ ሳይንስ እስከ ምዕራብ አርማጭሆዋ ከተማ አብርሃ ጅራ ድረስ ይደርሳል። በአካባቢው የሰሊጥና የጥጥ እርሻ የትራክተርና የማረሻ ብየዳ የሚበዛው በክረምት ነው፤ የብየዳ ኤሌክትሮድ እርጥበት የሚጠጣውም ያን ጊዜ ነው። እርጥበቱ በብየዳው እሳት ሲበተን ሃይድሮጅን ይሆንና ወደ ቀለጠው ብረት ይገባል። ጠንካራ ብረት፣ ሃይድሮጅንና ውጥረት ሲገጥሙ ስንጥቁ ብየዳው ከቀዘቀዘ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ይመጣል። ዲስኩ ወይም ዘንጉ ማሳ ላይ ሲሰበር ባለቤቱ ጥፋቱን በአፈሩ ወይም በሥራው ብዛት ያሳብባል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ኤሌክትሮድን በደረቅ ዕቃ መክደን፣ ዝገትና ዘይቱን ማጽዳት፣ ወፍራምና ጠንካራ ብረትን ቀድሞ ማሞቅ፣ 7018ን የመሰለ ዝቅተኛ ሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ አምራቹ ባዘዘው ሙቀት ማድረቅ ነው። ጉድለት የሌለው ብረት ማግኘት አይቻልም፤ ሃይድሮጅን እንዳይገባበት መጠንቀቅ ግን በበያጁ እጅ ነው።