አጥንት ለምን ሸክም ይወዳል?

ከካራ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ሰንሰለታማ ተራሮች በሚያመራው ዳገት፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ለአሥርት ዓመታት የአዲስ አበባን ምድጃ ሲያነዱ ኖረዋል። ዕድሜያቸው ሲገፋ ልጆቻቸው «እማዬ፣ በቃሽ፤ ቁጭ ብለሽ ዕረፊ» ይሏቸዋል። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ በፊዚክስ ዓይን ሲመረመር ግን እውነትነቱ ግማሽ ነው።

አጥንት ሕይወት ያለው አካል ነው። አሮጌውን ክፍል የሚያፈርሱና አዲስ የሚገነቡ ሕዋሳት በውስጡ ዘወትር ይሠራሉ። ጀርመናዊው ሐኪም ጁሊየስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አጥንት በሚያርፍበት ጫና መሠረት ራሱን መልሶ እንደሚቀርጽ አስረድቷል። ጫና ሲያርፍበት በዓይን በማይታይ መጠን ይጎብጣል፤ በጥቃቅን ቦዮቹ ያለው ፈሳሽም ይንቀሳቀሳል። በአጥንቱ ውስጥ የሚኖሩ ሕዋሳት ይህንን ለይተው የግንባታ መልእክት ያስተላልፋሉ። ጫናው ሲጠፋ ግን መፍረሱ ከመገንባቱ ይበልጣል። ጠፈርተኞች ከዳሌ አጥንታቸው በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ የሚሆነውን የሚያጡት በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲያው ሸክም ሁሉ ይጠቅማልን? አይደለም። 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን 196 ኒውተን ያህል ይመዝናል። አጎንብሰን፣ ከወገብ መጋጠሚያ 40 ሳንቲ ሜትር አርቀን አነሳነው እንበል። የጀርባ ጡንቻ ከመጋጠሚያው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚስብ፣ በመፈንቅል ሕግ መሠረት ለጀሪካኑ ብቻ 8 እጥፍ፣ ማለትም 1,568 ኒውተን ኃይል ያስፈልገዋል። ይህ ኃይል የሚያርፈው በአከርካሪ ላይ ነው። ጀሪካኑን ወደ ሰውነት አስጠግተን ርቀቱን 20 ሳንቲ ሜትር ብናደርገው ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። የወር አበባ ከቆመ በኋላ የኤስትሮጅን መጠን ስለሚያንስ የሴቶች አጥንት በፍጥነት ይሳሳል፤ ለሳሳ አጥንት ደግሞ እንዲህ ያለው ጫና የስብራት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ለአጥንት የሚበጀው አቅምን ያገናዘበ፣ አጭርና ተደጋጋሚ ጫና ነው፦ ዳገት መውጣት፣ እጅን ሳይደገፉ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ቀለል ያለ ዕቃ ማንሳት። እንቅስቃሴው ጡንቻንና ሚዛንን ስለሚያጠነክር ከመውደቅም ይጠብቃል። ወተት፣ ጎመንና የፀሐይ ብርሃን ይታከሉበት። ቀድሞ ስብራት የደረሰበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

ወጣት አንባቢያንም ልብ ሊሉ ይገባል፤ አብዛኛው የአጥንት ክምችት የሚጠናቀቀው እስከ 30 ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ ከባዱን ሸክም ከእናቶቻችን ጀርባ እናውርድ፤ ከዳገቱ ግን አንከልክላቸው፤ ይልቁንም አብረናቸው እንውጣ።