የባሕር ዛጎል መርዝና የጓያ መርዝ በወንድና በሴት እንስሳት ላይ ስለሚያሳዩት ልዩነት

አንድ መርዝ የነካውን ፍጥረት ሁሉ በእኩል አይጎዳም። የእንስሳው ክብደት፣ ዕድሜና ጾታ ጉዳቱን ያበዛዋል ወይም ያሳንሰዋል። ይህ ነገር የምርመራ ቤት ሊቃውንትን ብቻ የሚመለከት ይመስላል፤ ነገር ግን የሕዝብን ምግብ የሚጠብቅ ሹም ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዘመናት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1927 በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፣ ሙስል የሚባለውን ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ ከበሉት ሰዎች 102 ታመሙ፤ 6ቱም ሞቱ። መርዙ የሚመጣው በባሕር ከሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት ነው፤ ሙስሉ እነርሱን እየተመገበ መርዙን በሥጋው ያከማቻል። በ1937 ሶመርና ሜየር የተባሉ ሊቃውንት መርዙን በአይጥ የሚለኩበትን ዘዴ ገለጹ። መለኪያውም 20 ግራም የምትመዝን አይጥ በሆዷ ተወግታ በ15 ደቂቃ ውስጥ የምትሞትበት የመርዝ መጠን ነው።

ሚዛኑ የእንስሳ አካል ስለ ሆነ አይጦቹ በዘር፣ በክብደትና በጾታ የተመሳሰሉ ሊሆኑ ይገባል። ከልክ ይልቅ የበረቱ ቢሆኑ መርዛም ምግብ ወደ ገበያ ያልፋል፤ የደከሙ ቢሆኑ ግን የዓሣ አጥማጁ ድካም በከንቱ ይጣላል። የጾታ ልዩነት ቀላል እንዳይደለ ቀይ የባሕር ሽንኩርት ከሚባለው ተክል የሚዘጋጀው የአይጥ መርዝ ያስረዳል፤ ሴቲቱ አይጥ ወንዱን ከሚገድለው መጠን በግማሽ ገደማ ትሞታለችና። ዛሬ በአውሮፓ የአይጡ ምርመራ በኬሚካል መሣሪያ ተተክቷል።

በ1987 በካናዳ በፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት የተሰበሰበ ሙስል ከመቶ በላይ ሰዎችን አሳመመ፤ 3 ሰዎች ሞቱ፤ አንዳንዶቹም የማስታወስ ኃይላቸውን አጡ። የሙስሉ ጭማቂ የተወጉት አይጦች በኋላ እግራቸው ትከሻቸውን ያክኩ ነበርና መርዙ ከቀድሞው የተለየ መሆኑ ታወቀ። ይህም ዶሞይክ አሲድ ነው፤ የነርቭን ሕዋስ ያለ ልክ እየቀሰቀሰ ይገድለዋል።

በአገራችን ጓያ ውስጥ የሚገኘው መርዝም ነርቭን የሚጎዳው ይህን በሚመስል መንገድ ነው። በሕንድ አገር ሊቃውንት በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ ይህ መርዝ በወንዶቹ ላይ ለነርቭ ሕዋስ ኃይል የሚያመነጨውን ክፍል ሲያውክ ሴቶቹ ተቋቁመውታል፤ የሴቴነትን ንጥረ ነገር ሥራ የሚያግድ መድኃኒት በተሰጣቸው ጊዜ ግን መከላከያቸው ቀርቷል። ስለዚህ የሴቴነት ንጥረ ነገር ነርቭን እንደሚጠብቅ ተገመተ።

በሰውም ዘንድ የጓያ ሽባነት ከሴቶች ይልቅ በወንዶች፣ ይልቁንም በወጣቶች ላይ ይበረታል። በ1990ዎቹ በወሎ በደላንታና ዳውንት በደረሰው መከራ ይህ ታይቷል። ሆኖም ሴቶች ፈጽሞ አይነካቸውም ማለት አይደለም።

ጓያ ድርቅን ስለሚችል ሌላው እህል ሲጠፋ ለድኻው ብቸኛ መብል ይሆናል፤ ለወራት እርሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ይያዛል፤ ሽባነቱም አይድንም። እንግዲህ አስተዳዳሪውም ባለመሬቱም በድርቅ ዘመን ሌላ እህል አስቀድሞ እንዲደርስ ማድረግ፣ ጓያውም ከጤፍ ወይም ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ፣ ተዘፍዝፎና ተቀቅሎ ውኃው እየተደፋ እንዲበላ ማስተማር ይገባቸዋል። የታመሙትንም ሲመዘግቡ ወንድና ሴቱን፣ ዕድሜውንም ለይተው ይጻፉ፤ አደጋው በማን ላይ እንደሚከብድ የሚታወቀው በዚህ ነውና።