ተጨማሪ መረጃ፦ ከባሕር ዳርቻ እስከ ሃሌአካላ አናት

በሃዋይ ደሴቶች ከምትገኘው ከማዊ ሁሉ ከፍ ያለው ቦታ፣ 3,055 ሜትር ከፍታ ያለው የሃሌአካላ እሳተ ገሞራ ነው። አስፋልቱ ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ፣ በግጦሽ መስክና በደመና መካከል እየተጠማዘዘ፣ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አናቱ ላይ ያደርሳል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀንስ፣ በሸሚዝ የተነሳ መንገደኛ ከላይ ካፖርት ያምረዋል።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን እዚያ የሚበቅለው ብርማ ቅጠል ያለው ተክል ነው። የተፈጥሮ መኖሪያው ይህ ተራራ ብቻ ነው፤ እንደ ሰሜን ተራሮች ጅብራ ለዓመታት ቆይቶ፣ አንዴ አብቦ ይሞታል። ሥሮቹ ከአፈሩ ገጽ ስለማይርቁ ኮቴ ይጎዳቸዋል፤ ከመኪና የወረደ ጎብኚ ከተከለለው የእግር መንገድ አይውጣ።