ሊጥ ከሆነ በኋላ የመጣ ወንፊት

«የይለፍ ቃል ያለበት ፋይል ጊት ውስጥ ገባብህ? ስሙን ኢግኖር ዝርዝር ላይ ጻፈው፣ ይጠፋል።» ይህ ምክር ለጀማሪ ሲሰጥ በሰማሁ ቁጥር ዝም ማለት ያቅተኛል። ስህተት ነው፤ ያውም አደገኛ።

ጊት ራሱ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊነክስ ሥራ የጀመረው የኮድ ለውጥ መዝገብ ነው፤ ለዛሬ ይህ ይበቃል።

የኢግኖር ዝርዝር ወንፊት ነው። የሚሠራው ዱቄት ላይ ነው፤ ማለትም ጊት ገና ባልመዘገበው ፋይል ላይ። አንዴ የተመዘገበው ግን ተቦክቷል። ከሊጥ ውስጥ አሰር በወንፊት ማን ይለያል? ስሙን መቶ ጊዜ ብትጽፉት ጊት ለውጡን መከታተሉን አይተውም። ለማስተው «ጊት አርኤም» የሚለውን ትእዛዝ «ካሽድ» ከሚለው አማራጭ ጋር መስጠት ያስፈልጋል፤ ፋይሉ ኮምፒውተራችሁ ላይ ይቀራል፣ ከሚቀጥለው ኮሚት (የለውጥ ምዝገባ) ጀምሮ ግን ከመዝገቡ ይወጣል። በቀደሙት ኮሚቶች ውስጥ እንዳለ ነው! ስለዚህ የይለፍ ቃሉ ወደ ሰርቨር ከተላከ መጀመሪያ ቃሉ ይቀየር፤ ታሪክ ማጽዳቱ ከዚያ ይደርሳል። («ኢግኖር»ን «መደበቅ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። ችላ ማለት ነው እንጂ፤ ችላ የተባለ ነገር አልተደበቀም።)

ወንፊቱም አንድ አይደለም። ከኮዱ ጋር አብሮ የሚጓዘውን «ጊትኢግኖር» ሁሉም ያውቀዋል። በየሪፖው (በየፕሮጀክቱ የጊት ማኅደር) ውስጥ ለብቻችሁ የሚቀመጥ «ኤክስክሉድ» የሚባልም አለ። የተዘነጋው ግን ለፕሮጀክቶቻችሁ ሁሉ አንዴ የምትጽፉት የግል ዝርዝር ነው፦ በ«ጊት ኮንፊግ ግሎባል» «ኮር ኤክስክሉድስፋይል» የተባለውን ቅንብር ወደዚያ ፋይል ማመልከት ብቻ። ማክ በየፎልደሩ የሚያራባው «ዲኤስ ስቶር» ቦታው እዚህ ነው።

እዚህ ላይ ባለሙያዎች ይከራከራሉ። አዲስ ባልደረባ የግል ዝርዝር ስለማይኖረው ሁሉም ነገር በፕሮጀክቱ ዝርዝር ይግባ የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸው ክብደት አለው። የእኔ አቋም ፕሮጀክቱ የሚወልደውን ፕሮጀክቱ፣ የእኔ ኮምፒውተር የሚወልደውን እኔ እንያዝ ነው። ምስጢር የያዘ ፋይል ግን ለግል ዝርዝር ብቻ አይተው፤ እኔን ቢያድን ባልደረባዬን አያድንም። ሁለቱ ዝርዝሮች ከተጋጩም የሚያሸንፈው የፕሮጀክቱ ነው። የትኛው መስመር ፋይላችሁን እንዳስቀረ ግራ ሲገባችሁ በግምት አታጥፉ፣ አትጨምሩ፤ «ጊት ቼክ-ኢግኖር»ን ከ«ቪ» አማራጭ ጋር እዘዙ፣ መስመሩ ያለበትን የዝርዝር ፋይልና የመስመሩን ቁጥር ይነግራችኋል።