ማምለጫ የሌለው ግዛት፦ ትልልቅ ሲክሊዶች በአንድ ገንዳ

ከሐዋሳ፣ ከዝዋይና ከጫሞ ሐይቅ ወጥቶ ገበታችን ላይ የሚቀርበው ቆሮሶ የሲክሊድ ቤተሰብ ነው። ቤተሰቡ ስም የወጣላቸው ከ1,700 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ በአፍሪካ፣ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ፣ በማዳጋስካር፣ በደቡብ ህንድና በስሪላንካ ይኖራል። ሲክሊዶች እንቁላላቸውንና ጫጩቶቻቸውን ይጠብቃሉ፤ ለዚህም ቦታ ይይዛሉ፤ የያዙትንም አያስደፍሩም። ቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ የሚታየው ጠብ በአብዛኛው ከዚህ ይመነጫል።

ሐይቅ ውስጥ ጠቡ መውጫ አለው። የኒካራጓው ማይዳስ ሲክሊድ ሴትና ወንድ ተጣምሮ በድንጋይ ዋሻ ይራባል። ኬኔት ማኬይ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጥናት እንደገለጸው፣ በዚያው አገር በሂሎዋ ሐይቅ የመራቢያ ቦታ የተለያዩ ዝርያዎች የሚሻሙበት ሀብት ነው። ያም ሆኖ ፍልሚያው በአንድ ጊዜ ወደ ንክሻ አይሄድም። ተፎካካሪዎቹ መጀመሪያ ጎን ለጎን ቆመው ክንፋቸውን ይዘረጋሉ፤ የስንጥባቸውን ክዳን ይከፍታሉ፤ በጅራታቸው ውሃ እየገፉ አንዱ የሌላውን ጉልበት ይለካል። በዚህ ካልተለያዩ አፍ ለአፍ ተያይዘው ይጓተታሉ። ደካማው ክንፉን ሰብስቦ ይሸሻል፤ ጥቂት ሜትር ከራቀ ነገሩ ያበቃል። መስታወት ውስጥ ግን የሚሸሽበት የለም። የተሸነፈው ከአሸናፊው ዓይን ስለማይሰወር፣ አልወጣም ብሎ እንደቆመ ሰርጎ ገብ ይጠቃል፤ ክንፉ ይቀደዳል፣ ቅርፊቱ ይረግፋል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ብዙ ጊዜም ይሞታል። ዓሣው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ጠቡን የሚዘጋው ርቀት ስለተነፈገው ነው።

ጉዳዩ ሳይንቲስቶችን ሲስብ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት የተጋራው ኮንራድ ሎሬንዝ ስለ ጠበኝነት በጻፈውና በ1963 በታተመው መጽሐፉ ያሰፈረው ትዝብት እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ወንዱ ሲክሊድ ቁጣውን የሚወጣበት ጎረቤት ሲያጣ ወደ ገዛ ሚስቱ ይዞራል። በመስታወት ግድግዳ ማዶ ሌላ ጥንድ ሲኖር ግን ከእሷ ጋር ሰላም ነው። መስታወቱ በአልጌ ሲሸፈን ወንዱ በሴቷ ላይ ይከፋል፤ መስታወቱ ሲጸዳ ሰላሙ ይመለሳል። በርክሌይ ያስተማረው ጆርጅ ባርሎው ደግሞ በማይዳስ ላይ ባደረገው ምርምር፣ ወርቃማ ቀለም ያለው ዓሣ እኩያው የሆነውን ግራጫ እንደሚያሸንፍ አሳይቷል። በስታንፎርድ የነበረው ራስል ፈርናልድና ባልደረቦቹ በ2007 ባወጡት ጥናት፣ አንድ የታንጋኒካ ሐይቅ ሲክሊድ ሌሎች ሲፋለሙ በማየት ብቻ ማን ከማን እንደሚበልጥ ይረዳል። እንዲህ ያለ ፍጡር ጎረቤቱን ሳያውቅ በዘፈቀደ ይጣላል ማለት አይቻልም።

ለአርቢዎች ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው የሮናልድ ኦልድፊልድ የ2011 ጥናት ይመስለኛል። በወጣት ማይዳሶች ላይ እንዳየው፣ በቤት ውስጥ በተለመደው መጠን ገንዳውን ጥቂት ማስፋት ወይም የዓሣዎቹን ቁጥር መለወጥ ጠቡን አልቀነሰውም። የቀነሰው በጣም ሰፊ የሆነና መደበቂያ የበዛበት ገንዳ ነው። ገበያው የሚሸጠው ግን ጣት የምታህል ጫጩት ነው፤ ኦስካር የተባለው ሲክሊድ ከ30 ሴንቲሜትር፣ ጃጓር ሲክሊድ ደግሞ ከ50 ሴንቲሜትር ሊያልፍ እንደሚችል ገዢው ብዙ ጊዜ አይነገረውም። ይህ ሊታረም ይገባል።

አርቢዎች የሚመካከሩባቸው ዘዴዎች ጥቂት ናቸው። ዓሣዎቹን አብዝቶ ጠቡ እንዲበተን ማድረግ ለማላዊ ሐይቅ ትንንሽ የድንጋይ ሲክሊዶች ይሠራል፤ ለአሜሪካዎቹ ትልልቆች ግን አደጋ ነው። አዲስ ዓሣ ሲገባ ድንጋዩንና ጉቶውን ማዘዋወር ነባሩ የሚያውቀውን ድንበር ያፈርስበታልና ሁለቱም እንግዳ ይሆናሉ፤ ፋታው ግን አጭር ነው። እስከ ውሃው ገጽ የሚደርስ፣ እይታን የሚቆርጥ ድንጋይ ወይም ግንድ የበለጠ ይረዳል። ሊጣመሩ የታሰቡትን በተበሳሳ መለያ ለይቶ ማላመድም ጥሩ ነው፤ በመለያው ላይ ለሴቷ ብቻ የምትበቃ ቀዳዳ ቢተው ደግሞ ወንዱ ሲከፋ ታመልጥበታለች። ከውሃው ገጽ ሥር ጥግ ተጠግቶ የማይንቀሳቀስ፣ ምግብ ሲመጣ ከጥጉ የማይወጣ ዓሣ ከታየ፣ ክንፉ ገና ሳይቀደድ በዚያው ቀን ወደ ሌላ ገንዳ መዛወር አለበት።