በሙምባይ ሰው በዛ ወይስ መተላለፊያው ጠበበ?

ከአገራችን ተነሥቶ ሙምባይ የሚገባ መንገደኛ መጀመሪያ የሚለው ነገር «አቤት የሰው ብዛት!» ነው። እስከ 1995 ድረስ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቦምባይ ትባል የነበረችው ይህች የህንድ ከተማ በ2011 ቆጠራ ከ12 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ስለ ተገኘባት መደነቁ አያስነቅፈውም። ነገር ግን ከመደነቅ አልፎ «መከራው ሁሉ የመጣው ከሕዝቡ ብዛት ነው» ብሎ ቢፈርድ ቸኩሏል እላለሁ።

ሁለቱ ዋና የባቡር መሥመሮች በሚገናኙበት በዳዳር ጣቢያ ጧት በሦስት ሰዓት የቆመ እንግዳ የሚያየው ትርምስ ይመስለዋል። ባቡሩ በሩ እንደ ተከፈተ ይመጣል፤ በደጃፉ ላይ ሰው ተንጠልጥሏል። ቀስ ብሎ ሲመለከት ግን ሥርዐት አለው። በሚቀጥለው ጣቢያ የሚወርደው አስቀድሞ ወደ በሩ ይጠጋል፤ ከፊቱ ያለውንም «ትወርዳለህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ለሴቶች የተለየ ፉርጎ አለ። ዳባዋላ የሚባሉት ምሳ አመላላሾችም ከየቤቱ የሰበሰቡትን የምሳ ዕቃ በክዳኑ ላይ በተጻፈ ቀለምና ፊደል እየለዩ ለባለቤቱ በየመሥሪያ ቤቱ ያደርሳሉ፤ ማታ ማታ መርካቶ ውስጥ ሸክም ያጋጠመው ሰው ይህን ሥራ አይንቅም።

እንግዲህ ጥበቱ ከምን መጣ? ከተማይቱ የቆመችው ባሕር እየተደለደለ በተያያዙ ሰባት ደሴቶች ላይ ነው። ምድሩ ወደ ደቡብ እንደ ምላስ ተስቦ ባሕር ውስጥ ይገባል፤ ወደ ጎን መስፋት አይቻልም። የህንድ የመጀመሪያው የመንገደኞች ባቡር በ1853 ከዚሁ ተነሥቶ ወደ ታኔ ሄደ። ከዚያም ወዲህ ዋናዎቹ ሐዲዶች ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለ ተዘረጉ፥ ኪራይ የከበደበት ሁሉ በሰሜን እያደረ ጧት ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ማታ ይመለሳል።

መካከለኛው የከተማው ክፍል ደግሞ የጨርቅ ፋብሪካዎች መንደር ነበር። ሠራተኛው በአንዲት ክፍል ተጨናንቆም ቢሆን ከፋብሪካው አጠገብ ይኖር ስለ ነበር በእግሩ ይመላለሳል። ከ1982ቱ ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ በኋላ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ በቦታቸውም ቢሮና የገበያ አዳራሽ ተሠራ። ለአዲሱ ሥራ የሚመጣው ሰው ከሩቅ በባቡር የሚመጣ ነው። መሬቱ በውድ ዋጋ ሲሸጥ የጣቢያዎቹ ደረጃ ግን ያው የቀድሞው ነበረ።

ሴፕቴምበር 29 ቀን 2017 ጧት፥ በዚሁ ሰፈር ባለው በኤልፊንስተን ሮድ ጣቢያ፥ ከዝናብ የተጠለለውና ከባቡር የወረደው ሕዝብ በጠባቡ የእግረኛ ድልድይ ደረጃ ላይ ተጨናነቀና ከ20 በላይ ሰዎች ተረጋግጠው ሞቱ። አብዛኞቹ መጋፋትን የማያውቁ እንግዶች አልነበሩም፤ በየቀኑ በዚያ የሚያልፉ ሠራተኞች ነበሩ። ከዚህ በኋላ የህንድ ጦር ሠራዊት ታዝዞ ሌላ ድልድይ ሠራ፤ በፌብሩዋሪ 2018ም ተከፈተ። ሥራው አምስት ወር አልፈጀም።